የጥር 13 ጫማ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሰምቶ ያላደገ የለም። ስለ ጫማ የተተረተ ግን አልሰማሁም። ጥምቀት ሲቃረብ መርካቶ የገባ ሰው ቀሚስ የሚመርጠው ሦስት አራት ሱቅ ዞሮ፣ ጨርቁን ዳብሶ፣ ጥለቱን ከነጠላው ጋር አስተያይቶ ነው። ጫማው ጋ ሲደርስ ጉልበቱም ገንዘቡም አልቋል። «ያንን ሠላሳ አራት ቁጥር አምጣው» ይልና ከፍሎ ይወጣል። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የእኔው እንዲያውም የባሰ ነበር፤ ልኩ የሚመጣልኝ ከሉማሜ በክር ነው። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ አስፋልቱ ላይ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። የእናቴ ታናሽ እህት የምትኖረው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ልጇ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ የልጆቿን እግር በጥቁር ክር ትለካና ጫፍና ጫፉን ቋጥራ፣ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላ፣ የልጁን ስም ጽፋበት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ትልክልኛለች። እኔም ክሩን ጫማው ውስጥ ዘርግቼ፣ ከደረሰ እገዛለሁ። ክር ግን የእግርን ርዝመት እንጂ ስፋቱን አይናገርም። ያለ ጫማ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ ያደገ እግር ፊቱ ሰፋ፣ ጣቱ ዘርዘር ያለ ነው። እኔ የምገዛው ደግሞ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ የከተማ ጫማ።

ውጤቱን መገመት አያቅትም። በከተራ ዕለት ያደርጉታል፤ ታቦቱ ባሕረ ጥምቀቱ ሳይደርስ ተረከዛቸው ውሃ ይቋጥራል፤ ማታ ሲመለሱ ጫማው በእጅ፣ እግሩ በአቧራ ውስጥ ነው። በማግስቱ ጫማው ይጠረግና ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም።

የጥርን አቧራ ያላየ ሰው ይህን ቀላል ነገር ሊያደርገው ይችላል። ክረምት ጭቃ ሆኖ እግር የሚይዘው አፈር ጥር ላይ እንደ ተነፋ ዱቄት ይልማል። በዚያ ላይ ታቦት የሚያጅበው ሕዝብ፣ ሆታው፣ ጭፈራው፣ መሬቱን እየመታ የሚዘለው ጎረምሳ ሲጨመርበት መንገዱ በሙሉ ይጨሳል። ልጅ ሳለን ማታ ስንመለስ እስከ ጉልበታችን የወጣውን ቀይ አቧራ «ካልሲ» እንለው ነበር። «የማን ካልሲ ይረዝማል?» እየተባባልን እንለካካ ነበር። ያን ጊዜ ያስቀን ነበር።

አክስቴ፣ እኛ እቴቴ የምንላት፣ ታቦት ስታጅብ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ «ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ትልና አጥሩ በር ላይ ትቀመጣለች። ታቦቱ በሩቁ ሲያልፍ ከተቀመጠችበት ሆና እልል ትላለች። ቀሚሷ እስከ መሬት ነው፤ ከቀሚሷ ሥር ያለውን እግር የማይጠየቅ ነገር መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። ሰፈሩ «ዝሆኔ» ይለዋል። አንዱ የሞተ እባብ ረግጣ ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል። ከሁሉ የከፋው «ዘር ነው» የሚለው ነው። የመጀመሪያ ልጇ ታጭታ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ሊጠመቅ ሲል እጮኛው ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ቃል ተናገረ። ሠርጉ ቀረ። እቴቴ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት መሄድም ተወች። ጎጃም ውስጥ ለቅሶ ቤት የማይሄድ ሰው ምን ያህል ብቻውን እንደሚቀር የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

በሽታው ስም አለው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው። ስሙን ያወጡለት በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠሩት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እኚህ ሰው በሽታው የሚበዛው የት የት እንደሆነ ሲከታተሉ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበትና ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ በባዶ እግሩ በሚሄድ ገበሬ ላይ መሆኑን አስተዋሉ። ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ትርፍ ፈሳሽን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ በዓመታት ውስጥም ይዘጋሉ። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። በቆላ ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ትንኝም፣ ተሕዋስም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታማሚ ጋር አብሮ መብላት፣ አንድ መደብ ላይ መተኛት፣ ጫማውን መዋስ እንኳ አያስይዝም።

«ዘር ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ሰው የጎዳውም ግማሹ ነው። በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ አይታመምም። በቤተሰብ የሚወረስ፣ ሰውነትን ለዚያ አፈር ቁጡ የሚያደርግ ነገር አለ፤ ይህንንም ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ነገር ግን ዝንባሌውን የወረሰ ልጅ እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። አልጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና የካናሪ ደሴቶች በአንድ ወቅት ይህ በሽታ ነበረባቸው። ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ። ደሙ አልተቀየረም፤ የተቀየረው እግሩ ላይ ያለው ነገር ነው። እኛ ዘንድ ዛሬም 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው አብሮት እንደሚኖር ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለዚህ ዓምድ ስል ነው። አንብቤም ከእቴቴ እግር ጋር እንጂ ከገዛኋቸው ጫማዎች ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ያገናኘችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ያውም ሳታስበው። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ እንደ ልማዷ ክሩን ልካ ደወለችልኝ። ስለ አሥራ ሦስት ዓመቷ ልጇ ስትነግረኝ፣ «እትዬ፣ ለይቺስ አትግዢላት። ያምናውንም አላደረገችው። እግሬን ይበላኛል እያለች ስታክ ነው የምታድረው። ሌሊት ያቃጥለኛል ብላ እግሯን ከብርድ ልብሱ ታወጣለች» አለችኝ። በመሀል ሳቀችም። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

የበሽታው መጀመሪያ እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በኋላ እስከ ሠላሳዎቹ ባለው ዕድሜ ይነሳል። የእግር ፊት፣ በተለይ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለው ቦታ ያሳክካል። ሌሊት ያቃጥላል። ማታ ማታ የእግር ፊት ነፋ ይልና ጠዋት ይሟሽሻል። የእግር ፊት ቆዳ ላይ ያሉ መስመሮች ጎላ ይላሉ። እብጠቱ ከታች ይጀምራል፤ ሁለቱም እግሮች ይያዛሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። በዚህ ደረጃ ሳለ እግሩ በየቀኑ ከታጠበና ጫማ ከተደረገበት እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ቆዳው ከደነደነና ጓጎል ካወጣ በኋላ ግን ማስታገስ እንጂ ወደ ነበረበት መመለስ ይከብዳል።

ያምናውን ጫማ ያላደረገችው ስለጠበባት ነው። ስለጠበባትም ዓመቱን ሙሉ ውሃ የቀዳችው፣ ከብት የጠበቀችው፣ ከትምህርት ቤት የተመላለሰችው በባዶ እግሯ ነው። ሾጣጣውን ጫማ የገዛሁት እኔ ነኝ። ለጥር 11 የሚሆን ጫማ ገዝቼ ለጥር 13 በባዶ እግሯ ተውኳት።

በማግስቱ ተሳፈርኩ። ልጅቷን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያዋ ቀሚሷን እስከ ጉልበት አስነስታ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አየች፤ የጣቶቹን ቆዳ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጋ ሞከረች፤ ስለ አያቷም ጠየቀች። የእናቷ ፊት ተለወጠ። እዚህ ጋ «አያቷ ደህና ናት» የሚል መልስ የሚሰጥ ቤተሰብ ብዙ እንደሆነ ባለሙያዋ ስትነግረን አልገረመኝም። ያቺ መልስ ግን ልጅን ዋጋ ታስከፍላለች። የአክስቴ ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እናቴም ያማታል» አለች።

የታዘዘላት መድኃኒት ውሃና ሳሙና ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በየቀኑ ማታ እግርን በሳሙና ማጠብ፤ በየጣቱ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፤ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ፤ ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። እንደ እቴቴ ላለው ለቆየው እብጠት እግሩን በጣም ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በፋሻ መጠቅለልና የእግር እንቅስቃሴ ይጨመርበታል። የበረኪናውን መጠን ባለሙያ ይንገራችሁ፤ «በዛ ካለ ይበልጥ ያጸዳል» ብላችሁ በግምት ከጨመራችሁ ቆዳ ይልጣል። ታማሚዎችን አልጋ ላይ የሚጥለው፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያለው የእግር መቆጣት አለ፤ ተሕዋስ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ የሚነሳ ነው። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ የታተመ ጥናት፣ ይህ የእጥበት እንክብካቤ ቁጣውን በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰው አሳይቷል። አንድ አምስተኛ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአጨዳ ሰሞን በየጊዜው ለቀናት አልጋ ላይ ለሚውል ገበሬ ከዚያ ውስጥ አንዷም መቅረቷ ትልቅ ነገር ናት።

አሁን ወደ ጫማው ልመለስ፤ የዘንድሮው ጥምቀት ደርሷልና።

ክሩን ተዉት። ልጁን ማታ፣ ሲውል ሲሮጥ የዋለው እግሩ ትንሽ ነፋ ባለበት ሰዓት፣ ደብተር ወረቀት ላይ አቁሙት። ቆሞ እንጂ ተቀምጦ አይሁን፤ ክብደቱ ሲያርፍበት እግር ይሰፋል። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን አስምሩ። ሁለቱንም እግር፤ እኩል ያልሆኑ እግሮች ብዙ ናቸው፣ የሚገዛውም በትልቁ ልክ ነው። ከዚያ ወረቀቱን በመስመሩ ቁረጡት። ገበያ ስትሄዱ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ አስገቡ። ጠርዙ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ነጋዴው «ይለቃል» ቢል አትስሙት። ከረጅሙ ጣት ፊት ደግሞ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። «እንዲያድግበት» ተብሎ ሁለት ቁጥር አብልጦ መግዛትም ያው ነው፤ ተረከዝ ይፈገፍጋል፣ ልጁን ያደናቅፋል፣ በአፉ በኩልም አፈር ይገባበታል።

ዓይነቱን በተመለከተ እኔ ለመልኩ መጨነቅ ትቻለሁ። ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ የድሀ ጫማ ተብሎ ይናቃል፤ ነገር ግን እግር ይሸፍናል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ጭቃም አይፈራም። ጉድለቱ አለማስተንፈሱ ነው፤ እግር ውስጡ ያልበዋል፣ በጣቶች መካከል ይላጣል። ስለዚህ ያለ ጥጥ ካልሲ አይደረግ፤ ካልሲውም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲደረግ። በረባሶ እሾህና ድንጋይ ይመክታል፣ እንደሱ የሚበረክትም የለም፤ ከላይ ግን ክፍት ስለሆነ አቧራውን አያስቀርም። ነጠላ ጫማ ለመታጠቢያ ነው። ሰልባጅ ለሚያፍር ሰው ደግሞ ይህን እላለሁ፤ ሰፊና ለስላሳ አሮጌ ቆዳ ጫማ ከጠባብ አዲስ ጫማ ይሻላል፤ ውስጡን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት እንጂ። ማሰሪያ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይመረጣል፤ ለሰፊውም ለጠባቡም እግር ይላላል፣ ይጠብቃል። የተገዛውን ጫማ ለከተራ ብላችሁ አትደብቁት። ልጁ ከበዓሉ ሳምንት አስቀድሞ ቤት ውስጥ እያደረገ ይልመደው። የሚፈገፍግ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ጫማ ያለውም ቢሆን ጫማውን የሚያወልቀው በማይሆን ሰዓት ነው። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይደረጋል፤ እርሻ ላይ፣ አረም ላይ፣ ጎልጓሎ ላይ ይወልቃል። እግር ከአፈር ጋር የሚውለው ግን ያን ጊዜ ነው። «ጫማው ይበላሻል» የሚሉ አባቶችን አውቃለሁ፤ የራሴም አባት ይሉ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቃችንስ? አንዲት አንባቢ ይህን ጠይቃኛለች። ማንም አይነካውም፤ በሽታው የዓመታት የአፈር ንክኪ እንጂ የአንድ ቅዳሴ ጉዳይ አይደለም። ወጥቶ እግርን አራግፎ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ቤት ሲደርሱም መታጠብ ነው። እግር ማጠብ እኮ የእኛው ሥርዓት ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመኑን እግር ያጥባሉ። በየቤቱም እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ልጅ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አቅርቦ ያጥብ፣ እግርም ስሞ ይመረቅ ነበር። አባት ከእርሻ ሲገባም እንዲሁ። እኔ ራሴ አጥቤያለሁ፤ የአያቴ ተረከዝ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ቀይ አፈር እንዴት እንደማይወጣ ጣቴ አሁን ድረስ ያስታውሰዋል። በቧንቧ ቤት ያደጉ ልጆቻችን ይህን አያውቁም። እንግዲህ ማታ ማታ አያትና የልጅ ልጅ ተራ በተራ ቢተጣጠቡ ምን ይከፋል?

አያቶችን ካነሳሁ አይቀር፣ ስኳር ያለባችሁ ለብቻችሁ ስሙኝ። እግራችሁ ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር በዓል ሙሉ ስትፈጭ ውላ ላይታወቃችሁ ትችላለች። ከማድረጋችሁ በፊት ጫማውን ገልብጣችሁ አራግፉ፣ ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ። ማታ የውስጥ እግራችሁን ልጅ ይይላችሁ። የውሃውን ሙቀት በእግር አትሞክሩ፤ በክርን ነው። ቫዝሊን በጣቶች መካከል አይቀባ። ቁስል ካያችሁ «ይደርቃል» ብላችሁ አትቆዩ፣ ያኑ ቀን ታዩ።

ልጅቷ ማሳከኩ ቀንሶላታል፤ ሌሊቱን ትተኛለች። በሰኔ ስደውልላት «እትዬ፣ ጫማዬ አለቀ» አለችኝ። ጫማ በማለቁ የተደሰትኩት ያን ቀን ነው፤ ለበዓል የተቀመጠ ጫማ በስድስት ወር አያልቅም።

ዘንድሮ ከሉማሜ የመጣልኝ ክር አይደለም። አራት የተቆራረጡ የደብተር ወረቀቶች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር አንድ ሌላ፣ ሁለት ገጽ ተገጣጥሞ በፕላስተር የተያያዘ። ዙሪያው በእስክሪብቶ ተሰምሯል፤ መስመሩ እዚህም እዚያም ተንቀጥቅጧል። ጥግ ላይ በልጅ ጽሕፈት «የእቴቴ» ይላል። መርካቶ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ጫማ አልተገኘም። ልክ ወስዶ የሚሠራ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ይዤው ሄድኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ለረጅም ጊዜ አየው። ለእግሯ ለስላሳ ቆዳ እንደሚሻል፣ ከላይ እስከ ጣቱ ድረስ ተከፍቶ በማሰሪያ እንዲዘጋ፣ ሶሉም ሰፊ እንዲሆን ተነጋገርን። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

«መቼ ይድረስልዎት?» አለኝ።

«ለከተራ» አልኩት።